የድርሰት የመጨረሻ ቃል የማን ነው? በምዕራብ ሸዋ ተወላጆች ሥራ ላይ የተመሠረተ ጥናት

በአምቦም ሆነ በጉደር፣ በጊንጪም ሆነ በሆለታ፣ ወጣቶች በሰዓት እየከፈሉ የሚጫወቱባቸው «ፕሌይስቴሽን ቤት» የሚባሉ ጠባብ ክፍሎች አሉ። እዚያ ገብቶ የሚጫወተው ልጅ የጨዋታውን ስም ያውቃል፤ ያወጣውንም ኩባንያ ስም አስተካክሎ ይጠራል። ጨዋታውን ያሰበውንና የሠራውን ሰው ስም ግን ቢጠየቅ አይመልስም። ጥፋቱ የልጁ አይደለም፤ የነገረው ሰው የለም። የዚህ ጥናት ጥያቄም ከዚሁ ይነሣል፤ አንድን ሥራ አንዱ ሲፈጥረው፣ ሌላው ደግሞ ገንዘብ አውጥቶ፣ ወይም መድረክ ሰጥቶ፣ ወይም ማኅተም አሳርፎ ለሕዝብ ሲያቀርበው፣ በሥራው ላይ የመጨረሻው ቃል የማን ነው?

ጥያቄው ለቪዲዮ ጨዋታ ብቻ የተፈጠረ አይደለም። በአገራችን የጨዋታ ሠሪዎች ታሪክ ገና አጭር ቢሆንም፣ ከዚህ ከምዕራብ ሸዋ የወጡ ደራስያንና ዘፋኞች በዚሁ ጥያቄ ውስጥ ዕድሜያቸውን አሳልፈዋል። ስለዚህ የውጭውን ነገር ለማነጻጸሪያ ያህል ብቻ ጠቅሰን ወደ አገራችን እንመለሳለን። የኢትዮጵያን ነገር በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የውጭ አገሩን በእ.ኤ.አ. ጽፈናል።

አታሪ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጨዋታ ለሚሠሩለት ሰዎች ደመወዝ ይከፍል ነበር እንጂ ስማቸውን በማሸጊያው ላይ አያትምም ነበር። ከሠራተኞቹ አንዱ የሆነው ዋረን ሮቢኔት «አድቬንቸር» የተባለውን ጨዋታ ሲሠራ ማንም በቀላሉ የማያገኘው ምስጢራዊ ክፍል አበጀና ሠሪው እርሱ መሆኑን የሚናገር ጽሕፈት በውስጡ ሸሸገ። ኩባንያው ነገሩን ያወቀው ሰውዬው ሥራውን ከለቀቀ፣ ጨዋታውም ከተሸጠ በኋላ ነው። በ1979 እ.ኤ.አ. ደግሞ አራት የዚያው ኩባንያ ሠሪዎች ወጥተው አክቲቪዥን የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ፤ የሠሪውንም ስም ማተም ጀመሩ። ይህ ድርጅት ቆይቶ ራሱ ትልቅ አሳታሚ ሆነ። በ2019 እ.ኤ.አ. በንጂ የተባለ የጨዋታ ሠሪዎች ድርጅት ከእርሱ ጋር የነበረውን ውል አፍርሶ «ዴስቲኒ» የተባለውን ጨዋታ ይዞ ተለየው። ነጻ ሊወጡ የተሰደዱ ሰዎች የሠሩት ቤት ለሌሎች መሰደጃ ምክንያት ሆነ ማለት ነው።

ይኸው በንጂ ቀደም ብሎ ከማይክሮሶፍት ጋር የነበረው ታሪክ ደግሞ የበለጠ ያስተምረናል። ማይክሮሶፍት በ2000 እ.ኤ.አ. ገዛው፤ በ2007 እ.ኤ.አ. ደግሞ ራሱን ችሎ እንዲወጣ ተስማማ። ነገር ግን ስም ያስገኘለት «ሄይሎ» የተባለው ጨዋታ ከገዢው ዘንድ ቀረ። እናቲቱ ነጻ ወጣች፤ ልጇ ግን ቀረ። በእነዚህ ሰዎች የንግድ ልማድ አሳታሚው ገንዘቡን አስቀድሞ ይሰጣል፤ አሰጣጡም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ሥራው በየደረጃው እየታየ ነው። አንዱ ደረጃ ካላስደሰተው ክፍያውን ያቆማል። የሰጠው ገንዘብም ከሽያጩ እስኪመለስለት ድረስ ብዙውን ጊዜ ለሠሪው ከትርፉ አይደርሰውም። ሥራው ገና ሳይወለድ ተሽጧል።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። በኢትዮጵያ ነገሩ በሌላ መንገድ ሄደ። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላም ቢሆን ለደራሲ ገንዘብ አበድሮ መጽሐፉን የሚያወጣና የሚሸጥ አሳታሚ ድርጅት ለረጅም ጊዜ እምብዛም አልነበረም። ደራሲው የማተሚያውን ዋጋ ከኪሱ ከፍሎ፣ ወይም ከወዳጆቹ ለምኖ፣ መጽሐፉን ተረክቦ ራሱ ያዞር ነበር። እንግዲህ ደራሲውና አሳታሚው አንድ ሰው ከሆኑ የመጨረሻው ቃል የደራሲው ይሆናል ብለን ልንገምት እንችላለን። ነገር ግን እንዲህ አልሆነም። በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጊዜ ረቂቁ በመጀመሪያ ለሳንሱር ይቀርባል፤ ተነቦ፣ ተሠርዞ ማኅተም ካልተመታበት ማተሚያ ቤቱ አይቀበለውም። ገንዘብ ያላወጣው፣ ኪሳራም የማይደርስበት ወገን የመጨረሻው ቃል ባለቤት ሆነ ማለት ነው። የአታሪ አለቃ ቢሳሳት ገበያው ይቀጣዋል፤ የሳንሱር ሹም ቢሳሳት የሚከስረው ደራሲው ነበር።

መድረኩም እንዲሁ ነበር። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜድያ» የተባለውን የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር በ1913 ዓ.ም. ገደማ ባሳዩ ጊዜ እንስሳትን እያናገሩ የሹማምንቱን ጥፋት ስለ ነቀፉ በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመን ሥራው ታገደ። ከዚያም በ1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር፣ በ1948 ዓ.ም. ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ቤት ተቋቋሙ። በአዲስ አበባ የመድረክ በሮች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ከእነዚህ የተመለሰ ተውኔት ሌላ የሚያንኳኳው በር አልነበረውም።

የጥናታችን ዋና ሰው የሚገቡት በዚህ ላይ ነው። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ነሐሴ 11 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአምቦ አጠገብ ባለችው በቦዳ ተወለዱ፤ አባታቸው ኦሮሞ፣ እናታቸው የአንኮበር አማራ ነበሩ። (አቡነ ጴጥሮስ በፋሺስቶች እጅ የተገደሉት ሐምሌ 22 ቀን በዚያው ዓመት ነበር፤ ሦስት ሳምንት ያልሞላ ጊዜ ነው። ጸጋዬም «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» የተባለውን ተውኔት በ1961 ዓ.ም. ጽፈውላቸዋል።) ግእዝን በቤተ ክህነት ትምህርት ቀምሰው፣ ከብትም ጠብቀው፣ በአምቦ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገቡ። ገና ተማሪ ሳሉ ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስና ስለ ሁለት ወንድማማቾች አንድ ተውኔት ጻፉ፤ ተውኔቱም ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ባሉበት ታየ።

በዚህ ነገር ላይ ጥቂት ቆም ማለት ይገባል። የዚህን ታሪክ ተራኪዎች ብዙውን ጊዜ የልጁን ተሰጥኦ አድንቀው ያልፋሉ። እኛ ግን የምናስተውለው ሌላ ነገር ነው። አንድ የአምቦ ልጅ በአንድ ንጉሥ ፊት ስለ ሌላ ንጉሥ ተናገረ። ንጉሡ የሩቅ አገርና የጥንት ዘመን ሰው ስለ ሆነ ማንም አልተቀየመም። ጸጋዬ ይህን ዘዴ አውቀው ይሁን ሳያውቁ በልጅነታቸው እንደ ጀመሩት የኋላ ሥራቸው ያስረዳል ብለን እናምናለን።

ከዊንጌትና ከንግድ ሥራ ትምህርት ቤት በኋላ በቺካጎ ሕግ ተማሩ፤ በለንደን በሮያል ኮርት፣ በፓሪስ በኮሜዲ ፍራንሴዝ የቴአትርን ሥራ ተመለከቱ። ከ1950ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ዐሥር ዓመት ያህል የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ቤት የጥበብ ሥራ ኃላፊ ነበሩ። ይህ ለጥያቄያችን ትልቅ ፈተና ነው። ደራሲው በአሳታሚው ወንበር ላይ ተቀምጧልና። የትኛው ተውኔት ይሠራ፣ ማን ይጫወት፣ እንዴት ይዘጋጅ የሚለውን ይወስናሉ። በአታሪ ቤት የሮቢኔት ቁጭት «እኔ ወንበሩ ላይ ብሆን ኖሮ» የሚል ቢሆን፣ ጸጋዬ ወንበሩን አግኝተውታል። ነገር ግን በሩ ሁለት ቁልፍ ነበረው። አንደኛው በቴአትር ቤቱ ኃላፊ እጅ ነበር፤ ሁለተኛው በሳንሱሩ። ሁለተኛው ሳይዞር አንደኛው አይከፍትም። ስለዚህ በሌላው ደራሲ ዓይን በር ጠባቂ እርሳቸው ነበሩ፤ በራሳቸው ዓይን ደግሞ ከደጅ የቆሙ ናቸው። ይህን ዓይነቱን ቦታ የሚመኝ ሰው ቢኖር አስቀድሞ እንዲያስብበት እንመክረዋለን።

በዚህ ጠባብ ስፍራ የተሠራው ሥራ ግን ብዙ ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው «የከርሞ ሰው» የከተማን ኑሮ በግልጽ አሳየ፤ በ1966 እ.ኤ.አ. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ሲቀበሉ ዕድሜያቸው ሠላሳ ገደማ ነበር። ከሼክስፒር ኦቴሎን፣ ማክቤዝንና ሐምሌትን፣ ከሞሊየር ታርቲውፍን ወደ አማርኛ መለሱ። እነዚህን ሥራዎች ለመደበቂያ ብቻ ተረጎሟቸው ማለታችን አይደለም፤ እንዲህ ያለው አነጋገር ትልቅን ሥራ ማሳነስ ነው። ሆኖም ንጉሡን ገድሎ የነገሠ ሰው እንቅልፍ እንደሚያጣ በራስ ድርሰት ቢጻፍ ማኅተም ማግኘቱ ያጠራጥራል፤ ከሼክስፒር ሲመጣ ግን በአዲስ አበባ መድረክ ሊነገር ቻለ። ሮቢኔት ስሙን በምስጢራዊ ክፍል ሸሸገ። የእኛ ደራስያን ስማቸውን በሽፋኑ ላይ በጉልህ ጽፈው የሸሸጉት ወርቁን ነው። ቅኔ የተማረ ሰው ለዚህ አዲስ አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ግን መዘንጋት አይገባም፤ የሮቢኔትን ክፍል ማንም ጎበዝ ልጅ ፈልጎ ያገኘዋል፤ ወርቁን ግን ተመልካቹ ሳይሰማው ቢቀር ሥራው በከፊል ጠፍቷል።

ከሁሉ ይልቅ ለአምቦና ለአካባቢዋ የሚቀርበው ሥራ «ኦዳ ኦክ ኦራክል» ነው። በ1965 እ.ኤ.አ. በለንደን በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታተመ። ታሪኩ የሚፈጸመው በኦዳ ዛፍ ሥር ነው። የጎሣው ብርቱ ሰው ሻንካ ኡኩቴ የምትባለውን ልጃገረድ እንዲያገባና የሚወለደውን የበኵር ልጅ መሥዋዕት እንዲያደርግ ከትንቢት ተናጋሪው ዘንድ ይታዘዛል። ሻንካ ያገባታል፤ ነገር ግን ልጁ እንዳይወለድ ብሎ አይቀርባትም። ነገሩ ጎአ በሚባለው ባልንጀራው በኩል ሌላ አቅጣጫ ይዞ ሁሉንም ወደ ጥፋት ይወስዳቸዋል። ደራሲው ስለ አሳታሚና ስለ ውል እንዳልጻፉ የታወቀ ነው። ዳሩ ግን ከፍ ብለን ካየነው ልማድ ጋር ሲተያይ ምሳሌው ሳንጠራው ይመጣል፤ ገና ሳይፀነስ ለሌላ የተሰጠ ልጅ፣ እንዳይወለድም የሚመርጥ አባት።

ይህ መጽሐፍ የወጣው በእንግሊዝኛ መሆኑ ለእኛ ዋናው ነገር ነው። የኦዳ ታሪክ ከቦዳና ከአምቦ አፈር የበቀለ ነው፤ የአካባቢው ሕዝብም የሚናገረው አፋን ኦሮሞ ነው። ነገር ግን በዚያን ዘመን በአገር ውስጥ በአፋን ኦሮሞ ድርሰት አሳትሞ ማውጣት በተግባር የተዘጋ መንገድ ነበር። ከዚያ በፊትም ኦኔሲሞስ ነሲብና ረዳቶቻቸው ወደ አፋን ኦሮሞ የመለሱት መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 እ.ኤ.አ. የታተመው በስዊዘርላንድ ነው። ስለዚህ ጸጋዬ ከአዲስ አበባው ማኅተም ርቀው የለንደኑን አሳታሚ ሲያገኙ የሰፋ ነጻነት አግኝተዋል፤ ዋጋውን ግን የከፈሉት በአንባቢ ነው። የቦዳ ሽማግሌ ስለ ራሱ ኦዳ የተጻፈውን ለማንበብ እንግሊዝኛ መማር ነበረበት። የፈጠራ ሥልጣን ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የተሠረዘ መስመርን ነው። በምን ቋንቋ ይጻፍ የሚለው ግን ከመስመሩ በፊት ይመጣል፤ በዚህ ላይ የወሰነው ደራሲው ብቻ ነው ብለን ለመናገር አንደፍርም።

አብዮቱ ሲመጣ «ሀ ሁ በስድስት ወር»፣ ቀጥሎም በ1967 ዓ.ም. ከብሬሽት የተወሰደው «እናት ዓለም ጠኑ» ወጡ። ጸጋዬ በባህልና ስፖርት ሚኒስቴር ምክትል ሚኒስትር ሆነው ተሾመው ነበር፤ በዚያው መንግሥት ታስረውም ነበር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል እንዲቋቋምም ደክመዋል። አንድ ሰው ሹምም እስረኛም፣ መምህርም ታጋጅም ሆኖ መገኘቱ የሁለቱን ቁልፎች ነገር ያጸናል።

በደርግ ዘመን መንግሥት አሳታሚም ሆነ። ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት የደራሲውን ረቂቅ ተቀብሎ፣ ወጪውን ችሎ፣ መጽሐፉን ያሠራጭ ስለ ነበር ለብዙ ደራስያን ትልቅ ዕድል ነበረ፤ ይህን አለመመስከር ግፍ ነው። ነገር ግን የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. በዚሁ ድርጅት ከታተመ በኋላ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደ ወጡ ቀሩ። እርሳቸውም እንደ ጸጋዬ የበሩ ሰው ነበሩ፤ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለ ሥልጣን ሆነው ሠርተዋል። አሳታሚው፣ ሳንሱሩና የደራሲው ቀጣሪ አንድ በሆኑበት ቦታ ደራሲው የሚሸሽበት ሦስተኛ ወገን የለም።

የዘፈኑንም ነገር በአጭሩ እንንካ። በወሊሶ ያደጉት ጥላሁን ገሠሠ (ወሊሶ ዛሬ የደቡብ ምዕራብ ሸዋ ከተማ ናት፤ ቀድሞ ከምዕራብ ሸዋ ጋር አንድ ነበረች) ከሀገር ፍቅር ወደ ክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ገቡ። የዚያን ጊዜ ዘፋኝ የጦር ክፍል ሠራተኛ ነበረ፤ በ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር ጊዜም ጥላሁን ለእስራት ተዳርገዋል። ሸክላ የማሳተሙም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ተሰጥቶ የነበረ ሲሆን፣ አምኃ እሸቴ የሚባሉ ወጣት ነጋዴ በ1969 እ.ኤ.አ. ይህን ጥሰው የራሳቸውን የሸክላ ማሳተሚያ ከፈቱ። የዘመናዊው ዘፈናችን ታሪክ ለዚህ ድፍረት ትልቅ ዕዳ አለበት።

ሕጉ በበኩሉ ምን ይል ነበር? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለደራሲ የድርሰቱን ባለቤትነት ያውቅለት ነበር፤ ስለ ማሳተም ውልም ራሱን የቻለ ክፍል አለው። ቅድመ ሳንሱር የቀረው ግን በ1985ቱ የፕሬስ አዋጅና በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 410 ደግሞ የቅጅ መብትን በአዲስ መልክ ደነገገ። በዚህ አዋጅ መሠረት ደራሲው ገንዘባዊ መብቱን ለሌላ ቢያስተላልፍም ስሙ እንዲጠቀስለትና ሥራው ክብሩን በሚነካ መንገድ እንዳይዛባ የመጠየቅ መብት አለው። የኮምፒውተር ፕሮግራምም እንደ ድርሰት ይጠበቃል። ነገር ግን ሠራተኛ በሥራ ውል ላይ ሆኖ የፈጠረው ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው ይሆናል። በአምቦ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ የሚማሩ ጓደኞቻችን ነገ ጨዋታ ሠሪ ሆነው ሲቀጠሩ ይህች «ሌላ ስምምነት ከሌለ» የምትለው ሐረግ ከደመወዙ ቁጥር ይልቅ ልትነበብ የሚገባት ናት። የሮቢኔት ምስጢራዊ ክፍል በእርሷ ምክንያት ሊያስፈልግም ላያስፈልግም ይችላል።

በመጨረሻ ከአምቦ የወጡትን ሁለተኛ ሰው እናንሣ። ሃጫሉ ሁንዴሳ ገና በ17 ዓመታቸው ታስረው ከ1995 እስከ 2000 ዓ.ም. በአምቦ ከርቸሌ ቆዩ፤ የመጀመሪያውን አልበማቸውን «ሰኚ ሞቲ»ን አብዛኛውን ግጥምና ዜማ ያዘጋጁት እዚያው ነው። በእስር ቤት ግድግዳ ውስጥ አሳታሚ የለም፤ ማኅተምም የለም። በ2007 ዓ.ም. «ማላን ጅራ» የተባለው ዘፈናቸው በኢንተርኔት ወጣና የካሴት ነጋዴም የሳንሱር ሹምም ሳይጠበቅ ተሰማ። በ2010 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በሚሌኒየም አዳራሽ የዘፈኑት ደግሞ በክልሉ መንግሥት ቴሌቪዥን በቀጥታ ተላለፈ። መቀስ የሚሠራው ፊልሙ ከተቀረጸ በኋላ ነው፤ በቀጥታ ሥርጭት ላይ ምን ይቆርጣል?

ሃጫሉ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ተገደሉ። ሦስተኛው አልበማቸው «ማል መሊሳ» በሙት ዓመታቸው በ2013 ዓ.ም. ወጣ። የዘፈኖቹ ቅደም ተከተል፣ የሽፋኑ መልክ፣ የድምፁ መስተካከል ያለ እርሳቸው ከተፈጸመ፣ የመጨረሻው ቃል ወደ ቤተ ሰብ ተላለፈ ማለት ነው። ጸጋዬም የካቲት 18 ቀን 1998 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ዐርፈው በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀብረዋል። አዋጁ የደራሲን መብት ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ድረስ ለወራሾቹ ይጠብቃል። ስለዚህ ከአምቦ ወጣቶች አንዱ «ኦዳ ኦክ ኦራክል»ን ወደ አፋን ኦሮሞ መልሶ፣ ወይም ሻንካንና ኡኩቴን በቪዲዮ ጨዋታ አስገብቶ ማውጣት ቢፈልግ፣ እስከ 2048 ዓ.ም. ድረስ ከመብቱ ባለቤቶች ፈቃድ መጠየቅ አለበት።